ከታሰረው ጣሳ እስከ ዲስፔንሰር

በጽሑፍ ከተገለጹት አንጋፋ ውሃ የሚያድሉ መሣሪያዎች አንዱ የተሠራው ሰውን ከበሽታ ለመጠበቅ አልነበረም፤ ውሃውን ከሰው ለመጠበቅ ነበር። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የእስክንድርያው መሐንዲስ ሄሮን በመቅደስ ደጃፍ የሚቆም የአንድ ዕቃ አሠራር ጽፎ ትቷል። በዕቃው ውስጥ ወደ መቅደሱ የሚገባ ሰው የሚታጠብበት ውሃ አለ። ባለ 5 ድራክማ ሳንቲም በቀዳዳው ሲጣል ውስጥ እንደ ሚዛን በተንጠለጠለ ዘንግ አንድ ጫፍ ላይ ያርፋል፤ ጫፉ ሲያዘነብል ሌላኛው ጫፍ ውታፉን ያነሣና ውሃው ይወርዳል። ሳንቲሙ ተንሸራቶ ሲወድቅ ዘንጉ ይመለሳል፣ ውታፉም ቦታው ይገባል። ሰው ከከፈለው በላይ እንዳይወስድ የተዘየደ መላ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ውሃ ማደያዎችም እንዲሁ እያንዳንዳቸው ለአንድ ቅሬታ መልስ ሆነው የተፈጠሩ ናቸው። የታሰረው ጣሳ፣ ወደ ላይ የሚፈልቀው ቧንቧ፣ በኤሌክትሪክ የሚያቀዘቅዘው ሣጥን፣ ዛሬ በየቢሮውና በየሳሎኑ ጥግ የሚቆመው ዲስፔንሰር፣ ሁሉም የቀዳሚያቸውን እንከን ለማስወገድ መጡ፤ ሁሉም የራሳቸውን እንከን ይዘው መጡ። እንከኑ ግን በየዘመኑ ቦታ ቀይሯል። መጀመሪያ በዕቃው አፍ ላይ ሆኖ በዓይን ይታይ የነበረው ቀስ በቀስ ወደ ሆዱ ገብቷል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የለንደን ሕዝብ ብዙውን ጊዜ ውሃ የሚቀዳው በየመንገዱ ከቆሙ የእጅ ፓምፖች ነበር። ከእነዚህ መካከል በሶሆ ሰፈር የሚገኘው የብሮድ ጎዳና ፓምፕ በውሃው ጣዕም የተመሰገነ ነበር። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ከሰፈሩ ወጥታ ሃምፕስቴድ ከገባች በኋላ እንኳ ያንን ጣዕም መተው አልሆነላትም፤ በጋሪ እያስመጣች ትጠጣው ነበር። በኦገስት 1854 ማብቂያ ኮሌራ ሶሆን ሲመታ ሴትዮዋ ሰፈሩ ውስጥ ሳትኖር ከሰፈሩ ሰዎች ጋር ሞተች። ሐኪሙ ጆን ስኖው የሟቾቹን መኖሪያ እየተከታተለ ጣቱን ወደ ፓምፑ ቀሰረ፤ ሴፕቴምበር 8 ቀን የፓምፑ እጀታ ተነቀለ። በዚያ ወረርሽኝ ከ600 በላይ ሰው አልቋል። ኋላ ሲቆፈር በቅርብ ያለ የአንድ ቤት የሽንት ቤት ጉድጓድ ወደ ፓምፑ ጉድጓድ ይሰርግ እንደነበር ታወቀ። ያ የተመሰገነ ጣዕም ስለ ውሃው ንጽሕና ምንም አልመሰከረም።

ከ5 ዓመት በኋላ፣ ኤፕሪል 21 ቀን 1859፣ የፓርላማ አባሉ ሳሙኤል ጉርኒ ያቋቋመው ማኅበር በለንደን የቅዱስ ሴፑልከር ቤተ ክርስቲያን አጥር ላይ የከተማዋን የመጀመሪያ ነፃ የመጠጥ ውሃ ቧንቧ አስከፈተ። የአዲስ አበባ ሰው ቦኖ ከሚለው ብዙም የራቀ አልነበረም፤ ልዩነቱ ቦኖ በእንስራና በጀሪካን ቀድቶ ለመውሰድ መሆኑ፣ የለንደኑ ግን ቆሞ ለመጠጣት መሆኑ ነው። ሕዝቡ ተሻማበት፤ በተጨናነቀበት ወቅት በቀን እስከ 7,000 ሰው ይጠጣበት ነበር። ውሃው ንጹሕ ነው፣ ዋጋ የለውም፣ መንገደኛውንም ከመጠጥ ቤት ያድነዋል። መጠጫው በሰንሰለት የታሰረ ኩባያ ሲሆን የጠጣ ሰው ኩባያውን ወደ ቦታው እንዲመልስ የሚያሳስብ ጽሑፍ በድንጋዩ ላይ ተቀርጿል፤ ጽሑፉ ዛሬም ይነበባል። ኩባያው መታጠብ እንዳለበት የሚናገር ግን አልተቀረጸም። የዘመኑ ሥጋት ስርቆት እንጂ ከንፈር አልነበረም።

ከንፈር የሚያሳስብ ነገር የሆነው ሮበርት ኮክ በ1882 የሳንባ ነቀርሳን ተህዋስ ለይቶ ካሳየ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ልጆች ሁሉ የሚጠጡት ከአንድ ባልዲ፣ በአንድ ጭልፋ ነበር። በባቡሮችም በየፉርጎው ጫፍ የውሃ ዕቃ ይቀመጥና አጠገቡ የቆርቆሮ ጣሳ ይታሰር ነበር። የካንሳስ ክፍለ ግዛት የጤና ቦርድ ጸሐፊ የነበረው ዶክተር ሳሙኤል ክራምባይን ራሱ እንደተረከው በባቡር ሲጓዝ የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኞች በጣሳው ከጠጡ በኋላ አንዲት ትንሽ ልጅ ያንኑ ጣሳ አንስታ ስትጠጣ አየ። ካንሳስ በ1909 የጋራ ጣሳን ከባቡርና ከትምህርት ቤት በማገድ ከአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ቀዳሚ ሆነች። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በፔንሲልቬንያ የላፋየት ኮሌጅ የባዮሎጂ ፕሮፌሰር አልቪን ዴቪሰን ከአንድ ትምህርት ቤት የተወሰደን የመጠጫ ዕቃ በማይክሮስኮፕ መርምሮ ያገኘውን አሳትሞ ነበር፤ በጠርዙ ዙሪያ ከተማሪዎቹ ከንፈር የተላጠ ቆዳና ብዙ ባክቴሪያ ተለጥፎ ተገኘ። የጽሑፉ ርዕስ የተማሪዎቹን ጣሳ በቀጥታ ከሞት ጋር የሚያገናኝ ነበር፤ ወላጆችን ያስደነገጠውም ከቁጥሩ ይልቅ ይኸው ርዕስ ሳይሆን አይቀርም።

ለድንጋጤው ሁለት መልስ ተሰጠ። አንደኛው የወረቀት ኩባያ ነው። የቦስተኑ ጠበቃ ሎውረንስ ሉወለንና ሽርካው ሂዩ ሙር መጀመሪያ ያሰቡት ውሃ መሸጥ ነበር፦ በአንድ ሳንቲም ቀዝቃዛ ውሃ በወረቀት ኩባያ የሚሰጥ፣ ውስጡ ለበረዶ፣ ለውሃና ለተጣለ ኩባያ የተከፋፈለ ነጭ ሣጥን። ሰው ግን ለውሃ መክፈልን እምቢ አለ። ስለዚህ ውሃውን ትተው ኩባያውን መሸጥ ያዙ፤ በኋላም ከጎረቤታቸው የአሻንጉሊት ፋብሪካ ስሙን ተውሰው ዲክሲ አሉት። በ1918 የተነሣው ኢንፍሉዌንዛ ገበያውን አደራለት። የዚህ መልስ እንከን ከሣጥኑ አጠገብ እየተቆለለ የሚታይ ስለሆነ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

ሁለተኛው መልስ ኩባያን ጨርሶ ማስቀረት ነበር። በካሊፎርኒያ የበርክሊ ከተማ የቧንቧ ሠራተኛና የንጽሕና ተቆጣጣሪ የነበረው ሉተር ሃውስ ልጆች በቧንቧ ላይ በታሰረ ጣሳ ሲጠጡ አይቶ ውሃው ወደ ላይ እየፈለቀ በቀጥታ ወደ አፍ የሚገባበትን ቧንቧ ሠራ፤ የፈጠራ መብቱንም በ1911 አገኘ። በኦሃዮ የዋረን ከተማው ሃልሲ ቴይለር ደግሞ አባቱ በ1896 በታይፎይድ ሞተውበት ነበር፤ ምክንያቱ የተበከለ ውሃ ነው ተብሎ ስለታመነ ዕድሜውን ለዚሁ ሥራ ሰጠ። ትምህርት ቤቶችና ፋብሪካዎች ጣሳውን እየፈቱ አዲሱን ቧንቧ ገጠሙ። ጉዳዩ የተዘጋ መሰለ።

አልተዘጋም። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሴት ተማሪዎች በሚያድሩበት አንድ ሕንጻ የጉሮሮ ሕመም ሲነሣ ተመራማሪዎች ወደ ግቢው ቧንቧዎች ዞሩ። በ1916 ባሳተሙት ጥናት ከመረመሯቸው ከግማሽ በሚበልጡት ላይ ስትሬፕቶኮከስ የተባለውን ተህዋስ አገኙ። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ውሃው ሁልጊዜ የሚፈስ ነው፤ የሚፈስ ውሃ ደግሞ ራሱን ያጥባል ይባላል። ይህን ለመፈተን በላቦራቶሪ ቀጥ ብሎ የሚፈልቅ ቧንቧ አቁመው ቀይ ቀለም የሚያወጣና በቀላሉ የሚለይ ባክቴሪያ አንድ ጊዜ በመስታወት ቀጭን ቱቦ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በረጠበ ከንፈር አስገቡበት። አብዛኛው ታጥቦ ሄደ። የቀረው ግን በውሃው ዓምድ ራስ ላይ እየወጣና እየወረደ ቆየ፤ ይህም በከፊል እንደ ውሃው ዓምድ ከፍታ ከ2 እስከ 135 ደቂቃ ድረስ ነው። አጥኚዎቹ ነገሩን በሚፈልቅ ውሃ ጫፍ ላይ እንደምትጨፍር ኳስ አድርገው ገለጹት። ኳሷን ውሃው ራሱ ነው ተሸክሞ የሚያቆያት። ጠጪው ከንፈሩን ያሳረፈበት ውሃ ተመልሶ በዚያው አፍ ላይ ይወድቃል፤ ቀጣዩ ጠጪ የሚቀበለውም እሱን ነው። ግፊቱ ደካማ ከሆነ ደግሞ ሰው ወደ ብረቱ ጎንበስ ይላል፣ ሕፃናትም ብረቱን ይጎርሱታል። ጣሳው ቢቀርም ሥራውን የቧንቧው አፍ ተረክቦታል ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ውሃው ቀጥ ብሎ ሳይሆን አዘንብሎ እንዲፈልቅ ማድረግና የተረፈው በሌላ በኩል እንዲወድቅ መተው። ዛሬ በአውሮፕላን ማረፊያና በትምህርት ቤት የሚታየው ቧንቧ ሁሉ ውሃውን በቅስት የሚወረውረው በዚህ ምክንያት ነው።

በአሜሪካ ደቡብ ይኸው መሣሪያ ሌላ ነገርም ተሸከመ። አንዱ «ለነጮች»፣ ሌላው «ለጥቁሮች» የሚል ጽሑፍ ተለጠፈበት። ኤሊየት ኧርዊት በ1950 በሰሜን ካሮላይና ያነሣው ፎቶግራፍ ሁለቱን ጎን ለጎን ያሳያል፤ የነጮቹ ትልቅና ዘመናዊ፣ የጥቁሮቹ በአጠገቡ የተገጠመች ትንሽ ገንዳ። ጣሳን ለማገድ የቀረበው የንጽሕና ክርክር የሌላውን ሰው ከንፈር መጸየፍን ትምህርት ቤት ድረስ አስገብቶ ነበርና፣ ለዘር መለያየት ሰበብ ለሚፈልግ ሰው የተዘጋጀ ቃል አላጣም። መለያየቱ በሕግ የቀረው በ1964 ነው።

በዚህ መካከል ውሃው ራሱ ተለወጠ። በ1908 የጀርሲ ሲቲ ከተማ ክሎሪን ያለማቋረጥ እየተጨመረበት የሚሠራጭ ውሃ ማከፋፈል ጀመረች፤ ሌሎች ከተሞችም ተከተሉ። የክሎሪን ጥቅሙ ማጣሪያው ጣቢያ ላይ ብቻ አያበቃም፤ ጥቂቱ በውሃው ውስጥ ቀርቶ እስከ ቤት ቧንቧ ድረስ ይከተላል፣ በመንገድ የገባውንም ተህዋስ ይገድላል። ሽታውን የሚጠላ ሰው ብዙ ነው። ያንን ሽታ የማጥፋት ፍላጎት ለኋለኛው ዲስፔንሰር ትልቅ ገበያ ከፍቶለታል፤ ወደዚያ ከመድረስ በፊት ግን የእርሳስ ነገር አለ።

የኤሌክትሪክ ማቀዝቀዣ ሲመጣ ውሃው ከቧንቧ በቀጥታ ወደ አፍ መሄዱ ቀረ። በሣጥኑ ውስጥ ትንሽ ታንከር ተቀመጠ፤ ውሃው እዚያ ተጠራቅሞ ይቀዘቅዛል፣ ጠጪን ይጠብቃል። የአንዳንዶቹ ታንከር ውስጡ በእርሳስ የተለበጠ ነበር፤ የሌሎቹ መጋጠሚያ እርሳስ ባለበት ብየዳ የተያያዘ ነበር። እርሳስ በውሃ የሚሟሟው ቀስ ብሎ ስለሆነ ጉዳቱን የሚወስነው ውሃው የቆየበት ጊዜ ነው። ዓርብ ከሰዓት ትምህርት ቤት ሲዘጋ በታንከሩ የቀረው ውሃ እስከ ሰኞ ጠዋት እዚያው ያድራል። ሰኞ ቀድሞ የሚደርስ፣ ሮጦ የመጣና የጠማው ልጅ ሁለት ቀን ተኩል ከእርሳስ ጋር የከረመውን ውሃ ይጠጣል። ቀዝቃዛ ነው፣ ጥርት ያለ ነው፣ ሽታም ጣዕምም የለውም። እርሳስ የሕፃናትን አንጎል እንደሚጎዳ የታወቀ ሲሆን እንደ ሌላው በሽታ ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ስለሌለው ልጁን ማንም አያስተውለውም።

የአሜሪካ ምክር ቤት በ1986 በመጠጥ ውሃ ቧንቧ ላይ የእርሳስ ብየዳን ከለከለ። በ1988 ደግሞ በተለይ ማቀዝቀዣዎችን የሚመለከት ሕግ አወጣ፤ በእርሳስ የተለበጠ ታንከር ያላቸው እንዲሰበሰቡ፣ እንዲጠገኑ ወይም እንዲተኩ፣ እርሳስ ያለባቸው አዳዲሶች እንዳይሸጡ፣ ትምህርት ቤቶችም ውሃቸውን እንዲያስመረምሩ። የሚያስገርመው ጣሳውን ያሳገደው ትውልድ በማይክሮስኮፕ ያየውን ጠላት ለመሸሽ የሠራው ዕቃ ማይክሮስኮፕም የማያሳየውን ማምጣቱ ነው።

በላዩ ጠርሙስ የሚገለበጥበት ዲስፔንሰር የቧንቧ መስመር አያስፈልገውም፤ የተስፋፋውም ለዚህ ነው። በኢትዮጵያ ከተሞች ያገኘው አቀባበል ከዚሁ ይነሣል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበትና የቧንቧውን ውሃ ሳያፈላ የሚጠጣ ሰው በሚያመነታበት ቦታ የታሸገ ውሃ የዕለት ፍጆታ ሆኗል። የአንድ ምርት ስም የነበረው «ሃይላንድ» የታሸገ ውሃ ሁሉ መጠሪያ፣ አልፎም የባዶው ላስቲክ ስም ሆኖ ቀርቷል። የእንግዳ መቀበያ ክፍል ያለው መሥሪያ ቤት ቀይና ሰማያዊ መክፈቻ ያለውን ሣጥን ማቆም የማዕረግ ምልክት አድርጎታል።

አሠራሩ በዓይን የሚታይ ይመስላል። በአሜሪካ መለኪያ 5 ጋሎን፣ ማለትም 18.9 ሊትር የሚይዘው ጠርሙስ አንገቱን ቁልቁል ወደ ሣጥኑ ይገባል። አንድ ብርጭቆ ሲቀዳ ውሃ ከጠርሙሱ ወደ ታንከሩ ይወርዳል፤ በምትኩ አየር እየተንቧቧ ወደ ላይ ይወጣል። ያ የሚሰማው ቧ ቧ የሚል ድምፅ ክፍሉ ወደ ውሃው ሲገባ ነው። አቧራው፣ የሳለው ሰው ትንፋሽ፣ ጠርሙሱን የገለበጠው ሰው አንገቱን የያዘበት እጅ፣ ሁሉም መግቢያ አላቸው። የታሸገ ውሃ ብዙውን ጊዜ ክሎሪን የለበትም፤ ስለዚህ የገባው ነገር የሚከላከለው አያጋጥመውም። ጥቂት ጥቂቱ በታንከሩ ግድግዳና በቱቦው ላይ ተጣብቆ የሚያዳልጥ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ሽፋኑ አንዴ ከያዘ የሚያልፍበትን ውሃ ሁሉ ይነካል። አዲስ ጠርሙስ መቀየር ለዚህ ምንም አይረዳም፤ ንጹሑ ውሃ በአሮጌው ታንከር በኩል ነው የሚወጣው።

የኩቤክ ተመራማሪዎች በ1994 ባሳተሙት ጥናት በመኖሪያ ቤትና በሥራ ቦታ ያሉ የውሃ ማቀዝቀዣዎችን መረመሩ። በቤት ካሉት 36 በመቶ፣ በሥራ ቦታ ካሉት 28 በመቶ ተበክለው ተገኙ። ውሃው ፋብሪካ ላይ ቢመረመር ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ጉዳዩ ከፋብሪካው በኋላ ያለው ነው።

የጠላ ጋን የሚታጠብበትን ሁኔታ ከዚህ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ጋን በግራዋ ቅጠል ይታሻል፣ ደጋግሞ ይለቀለቃል፣ በወይራ ጭስ ይታጠናል። አጣቢዋ ክንዷን አስገብታ ግድግዳውን በእጇ ትዳስሳለች፤ ያዳለጣት እንደሆነ ገና አልጠራም ብላ እንደገና ታሸዋለች። የዲስፔንሰር ታንከር እጅ አያስገባም፣ ብርሃንም አያስገባም። ለማጽዳት ከመብራት መንቀል፣ ጠርሙሱን ማውረድ፣ ውስጡን በረኪና በተቀላቀለበት ውሃ መሙላት፣ ጊዜ ሰጥቶ ማፍሰስ፣ ሽታው እስኪጠፋ ማለቅለቅ ያስፈልጋል። ቢሮ ውስጥ ይህን ማን ያድርገው? ጽዳት ሠራተኛዋ የምትወለውለው ውጩን ነው፤ ጠርሙስ አምጪው አምጥቶ ይሄዳል፤ ጠጪው ጠጥቶ ወደ ጠረጴዛው ይመለሳል። የጋኑ ባለቤት ማን እንደሆነች ይታወቃል፣ የዲስፔንሰሩ ግን አይታወቅም።

የቀሩት እንከኖች ከዚህ ይልቅ ግልጽ ናቸው። የሞላ ጠርሙስ ክብደቱ ወደ 20 ኪሎ ይጠጋል፤ እሱን እስከ ደረት አንስቶ፣ ሳያፈስሱ አዙሮ ማስገባት የብዙ ሰው ወገብ አይችለውም። ጠርሙሱን ከታች የሚያስገቡት አዳዲሶቹ ይህን ለማስቀረት የተሠሩ ሲሆኑ በምትኩ ፓምፕና ተጨማሪ ቱቦ ይዘው መጥተዋል፤ ተጨማሪ ቱቦ ደግሞ ተጨማሪ የሚያዳልጥ ግድግዳ ነው። ቀዩ መክፈቻ ሻይ የሚያፈላ ያህል የጋለ ውሃ ስለሚያወርድ ትንሽ ልጅ ባለበት ቤት መቆለፊያ የሌለው ዲስፔንሰር የእሳት ምድጃ ያህል ይፈራል። ሌሊቱን ሙሉ ማንም ሳይጠጣ አንዱን ታንከር እያሞቀ ሌላውን እያቀዘቀዘ የሚያድረው ሣጥን መብራትም ይበላል። በአሜሪካ በ2000 የወጣው የኤነርጂ ስታር መለያ ለባለ ሁለት ሙቀት ዲስፔንሰር የፈቀደው በቀን እስከ 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ነበር፤ በዓመት 438 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ይህ ቆጣቢ ለተባለው ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ደግሞ ቀዝቃዛው ታንከር ለብ ይላል፤ ለብ ያለና የቆመ ውሃ ለባክቴሪያ ይመቻል።

ጠርሙሱን ትቶ ከቧንቧ ጋር የሚገናኘውና በውስጡ የከሰል ማጣሪያ ያለው ዓይነት ለሸክሙና ለአየሩ መልስ ነው። ከሰሉ የክሎሪኑን ሽታ ይይዛል፤ ገዢው የከፈለበትም ይህንኑ ነው። ነገር ግን ከሽታው ጋር ጠባቂው አብሮ ይወጣል። ከማጣሪያው በኋላ ያለው ታንከርና ቱቦ ክሎሪን የማይደርስበት ይሆናል፤ በጊዜው ያልተቀየረ ከሰልም የባክቴሪያ መራቢያ ይሆናል።

ጠርሙሱ የተሠራበት ነገርም አከራካሪ ሆኗል። ቀድሞ መስታወት ነበር፤ በኋላ ቀላልና የማይሰበር ፖሊካርቦኔት ተተካ። ፖሊካርቦኔት የሚሠራው ቢስፌኖል ኤ ከሚባል ኬሚካል ሲሆን በተለይ ሙቀት ሲያገኘው ጥቂቱን ወደ ውሃው ይለቃል፤ ፀሐይ ላይ ተደርድሮ የዋለ ጠርሙስ ለዚህ ይጋለጣል። ካናዳ በ2010 ኬሚካሉን ከመርዛማ ነገሮች መዝገብ አስገባችው፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤት በ2012 ከጡጦ አስወጣው፤ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2023 ሰው በቀን ሊወስደው ይችላል የሚለውን መጠን 20,000 ጊዜ ዝቅ አደረገው። በ2024 መጨረሻ የአውሮፓ ኅብረት ምግብና መጠጥ ከሚነኩ ዕቃዎች እንዲወጣ ወሰነ፤ አምራቾችም የመሸጋገሪያ ጊዜ ተሰጣቸው። ከቀረቡት ምትኮች አንዱ መስታወት ነው፤ ክብደቱ ከበፊቱ ይበልጣል፣ ከእጅ ካመለጠም ይሰበራል።